ጥርሱን የታመመ ሰው ምኑን ነክሶ ይቻለው?

«ጥርስህን ነክሰህ ቻለው» የምትለዋን ምክር የፈጠራት ሰው ጥርሱን ታሞ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሆዱን ለቆረጠው፣ እግሩ ለተሰበረ፣ ዕዳ ለያዘው ሰው ትሠራለች። ጥርሱን ለታመመው ግን ምኑን ነክሶ ይቻለው? ያም ሆኖ እነዋሪ ላይ ጥርሱ የተነሣበት ሰው ከጎረቤቱ ጀምሮ እስከ ሕክምናው ወንበር ድረስ የሚሰማው ይህችኑ ነው። «ቻል፤ አንዴ ነው።»

«አገር በጦርነትና በኑሮ ውድነት ተይዛ ሳለ ስለ ጥርስ ትጽፋለህ?» የምትሉኝ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። አዎ፣ እጽፋለሁ። ስለ ትልልቁ ጉዳይ እዚህ ቻናል ላይ ብዙ ተብሏል፤ ገናም ይባላል። እኔ ዛሬ ከአንድ የወረዳ ከተማ ተነሥቼ ማሳየት የምፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ መድኃኒቱ፣ መሣሪያውና ባለሙያው አንድ ግቢ ውስጥ እያሉ በሽተኛው ለምን እጅና እግሩ ተይዞ፣ እየጮኸ ጥርሱ እንደሚነቀል። ርእሴ የጥርስ ሕክምና ፍርሃትና እሱን ለማብረድ ያሉት መንገዶች ናቸው።

«ሰዉ ጥርሱን የማይታከመው ገንዘብ አጥቶ ነው» የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ነው። ሞረትና ጅሩ ደሃም ሀብታምም ያለበት አገር ነው። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ አዲስ አበባ ድረስ ስሙ የሚጠራው የጅሩ ሰንጋ ከዚሁ ነው የሚወጣው። አንድ ሰንጋ የሚያወጣው ብር ስንት ጥርስ እንደሚያሳክም አስሉት። ሰንጋውን የሸጠው ሰው ግን በአንድ ጉንጩ ብቻ እያኘከ ሦስት ዓመት ይኖራል። ማታ ማታ ቅርንፉድ ይነክሳል፤ ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ይጎስርበታል፤ አረቄ አፉ ውስጥ ይዞ ያቆያል፤ ሲብስበት ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክና አሞክሳሲሊን ገዝቶ ይውጣል። (ቅርንፉዱን አትናቁት። በውስጡ ያለው ዩጂኖል የተባለ ዘይት የጥርስ ሐኪሞችም የሚጠቀሙበት ነው። የበሰበሰ ጥርስ ግን አያድንም።) «ለምን አትታከምም?» ሲባል ምክንያት አያጣም። አዝመራው ይሰብሰብ፣ ጾሙ ይፈታ፣ ጥምቀት ይለፍ፣ መንገዱ ይከፈት።

የማውቃቸው አንድ አባት አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወይፈን ሲገሩ የኖሩ፣ የደነበረ በሬ ቀንድ ይዘው የሚያቆሙ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ እንሂድና ያሳዩት እንጂ» ስላቸው ወዲያ ወዲህ ካሉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ያቺን መርፌ ሳያት ጉልበቴ ይከዳኛል» አሉኝ። ለማንም እንዳልናገር ስላስማሉኝ ስማቸውን አልጠራም። ሌላ ሰው ሲጠይቃቸው የሚመልሱት ግን «ሐኪሙ የለም አሉ» ብለው ነው። ፍርሃት እኛ አገር በራሱ ስም አይጠራም። ሁልጊዜ በአዝመራ፣ በጾምና በመንገድ ስም ነው የሚመዘገበው። ስለዚህ የጤና ቢሮ ሪፖርት ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም።

ደግሞም ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም። እኛ አገር የብዙ ሰው አፍ ከብረት ጋር የተዋወቀው ገና ጡት ሳይጥል ነው። ሕፃኑ ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «የወተት ጥርስ ነው» ተብሎ ገና ያልበቀለ ጥርሱ ከድዱ ውስጥ ተፈልፍሎ ይወጣ ነበር፤ እንጥል ማስቆረጥም እንዲሁ። ሁለቱም ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ተብለው ስንት ጊዜ ትምህርት እንደተሰጠባቸው እናውቃለን፤ ፈጽመው ጠፍተዋል ብሎ ለመማል ግን እኔ አልደፍርም። ሕፃኑ ያንን ባያስታውስም እናቱና አያቱ ያስታውሳሉ፤ ወሬውም በየቡና ሥርዓቱ ይተላለፋል። ካደገ በኋላ ደግሞ በየመንደሩ ጉጠት ይዞ የሚዞረው ጥርስ ነቃይ አለ። አንዱ ራስ ይይዛል፣ አንዱ ጉልበት ላይ ይቀመጣል፣ ነቃዩ ይስባል። የጤና ተቋሙ ወንበር በዚህ ሁሉ ትዝታ ላይ ነው የተተከለው።

ከሁሉ የከፋው ግን ዘመናዊውን ሕክምና አምኖ ሄዶ «ማደንዘዣው አልያዘኝም» ብሎ የተመለሰው ሰው ነው። እንዲህ የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ፈሪ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ እውነቱን ነው። መግል የያዘ ድድ አሲድነቱ ይጨምራል። ሊዶኬይን የተባለው የተለመደው ማደንዘዣ ደግሞ አሲድ ባለበት ቦታ ወደ ነርቩ ዘልቆ ለመግባት ይቸገራል። ስለዚህ ጥርሱ ካበጠ በኋላ የመጣ ሰው፣ ማለትም እንደኛ ባለ አገር አብዛኛው ሰው፣ ማደንዘዣ በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት ማደንዘዣው ይሰንፍበታል። በዚህ ላይ የታችኛው መንጋጋ አጥንት ወፍራም ነው፤ ጥርሱ ሥር ቢወጋ መድኃኒቱ አይዘልቅም። ወደ ኋላ፣ ነርቩ አጥንቱ ውስጥ ከሚገባበት ቦታ አጠገብ መወጋት አለበት። ይህ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ በሠለጠነ እጅም አንዳንዴ ይስታል። ከተወጋም በኋላ ከንፈሩ እስኪደነዝዝ ደቂቃዎች መጠበቅ የግድ ነው። ውጭ ሠላሳ ሰው ተሰልፎ ሲጠብቅ ግን ያቺ ደቂቃ የምትገኝ አይደለችም። ተወጋ፣ ተነቀለ፣ ጮኸ፣ ሄደ። ያ ሰው ሁለተኛ አይመጣም። ልጁንም አያመጣም።

«ባይመጣስ? ጥርስ ነው፤ አይገድል» የሚል ካለ ተሳስቷል። ከታችኛው መንጋጋ የተነሣ መግል ከምላስ ሥር ወደ አንገት ሲወርድ የአየር ቧንቧን ሊዘጋ ይችላል። ሰው በዚህ ይሞታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ ወደ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የአፍ ውስጥ በሽታ እንዳለበት አስፍሯል። ከነዚህ ውስጥ አብዛኛው ገና ትንሽ ቀዳዳ ሳለች በሙሌት ሊያልቅለት የሚችል ነበር። የፈራ ሰው ግን ቀዳዳዋን አሳልፎ ሲያብጥበት ነው የሚመጣው። ያኔ የሚቀረው መንቀል ብቻ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድናችን ደግሞ ለሰው ሠራሽ ጥርስ አይከፍልም። ስለዚህ ለገበሬው የተነቀለ ጥርስ የማይመለስ ጥርስ ነው።

ታሪኩን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ያስገርማል። ዓለም ቀዶ ሕክምናን ያለ ሕመም ማድረግ የተማረው ከጥርስ ሐኪሞች ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1844 ሆራስ ዌልስ የተባለ የአሜሪካ ጥርስ ሐኪም ሰዎች ለጨዋታ «የሚያስቅ ጋዝ» ሲስቡ በሚያሳይ ትርኢት ላይ ተገኘ። ጋዙን የሳበ አንድ ሰው እግሩ ቆስሎ ሕመሙን እንዳላወቀ ልብ አለ። በማግስቱ ዌልስ ራሱ ጋዙን ስቦ የራሱን ጥርስ በባልደረባው አስነቀለ። ቦስተን ሄዶ በሐኪሞችና በተማሪዎች ፊት ሲሞክረው ግን በሽተኛው ድምፅ በማሰማቱ ተሳልቀውበት ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ሕይወቱ አላማረለትም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 16 ቀን 1846፣ ዊሊያም ሞርተን የተባለ ሌላ ጥርስ ሐኪም እዚያው ቦስተን በኤተር አንድ በሽተኛ አስተኝቶ የአንገቱ ዕጢ ሲወጣ ዓለም ተቀበለው። ዛሬ እናት በቀዶ ሕክምና ስትወልድ የማትጮኸው በነዚህ ጥርስ ሐኪሞች ምክንያት ነው። እኛ ዘንድ ግን ስጦታው ቀዶ ጥገና ክፍሉ ገብቶ ቀርቷል፤ ወደመነጨበት ወደ ጥርስ ክፍሉ አልተመለሰም።

አሁን ወደ መንገዶቹ እንምጣ። መጀመሪያ ሦስት ቃላት እንለይ፤ ሕዝቡ ሁሉንም «ማደንዘዣ» ስለሚላቸው። ማደንዘዣ የተወጋውን ቦታ ብቻ ያደነዝዛል፤ ሰውየው ንቁ ነው። ማረጋጊያ አእምሮን ያበርዳል፤ ሰውየው ያንቀላፋል፣ ግን ሲጠሩት ይመልሳል፣ በራሱ ይተነፍሳል። ሙሉ ሰመመን ራሱን ያስተዋል፤ ትንፋሹንም ሌላ ሰው ይጠብቅለታል። ማረጋጊያ ብቻውን ሕመም አያጠፋም፤ ማደንዘዣውም አብሮት መወጋት አለበት። ይህን ያልተረዳ ባለሙያ በሽተኛውን አስክሮ የሚያሠቃይ ነው የሚሆነው።

ከሁሉ በፊት ምንም የማያስወጣው መንገድ አለ፤ ማናገር። «አሁን ይህን ላደርግ ነው፤ ሕመም ከተሰማዎት ግራ እጅዎን ያንሡ፣ አቆማለሁ» ማለትና እጁ ሲነሣ በእርግጥም ማቆም። መርፌው ከመግባቱ በፊት ድዱን በሚቀባ ማደንዘዣ ማለስለስ። መድኃኒቱን ቀስ ብሎ መጫን። ካበጠ ደግሞ መጀመሪያ መግሉን ማፍሰስ። የብዙ ሰው ፍርሃት እዚህ ላይ ይበርዳል፤ የሚያስፈራው ከመርፌው ይልቅ አፉ ተከፍቶ፣ መናገር ተከልክሎ፣ ሌላ ሰው እጅ ውስጥ መውደቁ ነውና።

ከዚያ በላይ የሚፈራ ሰው አለ። ለእሱ ከሕክምናው በፊት የሚዋጥ እንክብል አለ፤ ዳያዜፓም በጣም የታወቀው ነው። ርካሽ ነው፣ ይሠራል። ችግሩ ከሰውነት ለመውጣት ቀናት ይፈጃል፤ ዛሬ የዋጠ ሰው ነገም ሊያንቀላፋ ይችላል። ባጃጅ የሚነዳ፣ መውቂያ ማሽን ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ካልተነገረው ጥርሱን አድኖ እጁን ሊያጣ ነው። እዚህ ላይ ከልቤ የምለው አለኝ፦ በሐኪም ልዩ ማዘዣ ብቻ የሚሸጠውን ይህን መድኃኒት በዘመድ በኩል አስገኝታችሁ ቤት ውስጥ ውጣችሁ እንዳትሄዱ። በተለይ ደግሞ በአረቄ። ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ በአረቄ የሚታማ አገር ነው፤ «አንድ መለኪያ ልበልና ልድፈር» የሚል ሰው አይጠፋም። አልኮልና ማረጋጊያ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያበረታል፤ ትንፋሽም ይቆማል። ጥርስ ክፍሉ ደጃፍ ላይ አረቄ የሸተተ በሽተኛ ማረጋጊያ አይሰጠውም፤ በሌላ ቀን ይምጣ።

ጋዙስ? ዌልስ የሳበው ናይትረስ ኦክሳይድ ዛሬም አለ፤ ከኦክስጅን ጋር ተቀላቅሎ በአፍንጫ ይሳባል፣ ሲያቆሙት በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል፣ ሰውየው ተነሥቶ ይሄዳል። ለልጆች እንደሱ የሚመች የለም። ግን የራሱ መሣሪያ ይፈልጋል፣ ጋዙም በሲሊንደር ተጭኖ ይመጣል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ክልላችን ያለበትን ሁኔታ፣ መንገዱ ስንት ጊዜ እንደሚዘጋ ለምታውቁ ሰዎች ሌላ መናገር አያስፈልገኝም። ለእነዋሪ ዛሬ ጋዝ አልመክርም።

እኔ የምመክረው ሚዳዞላም የተባለውን ነው። በደም ሥር ሲሰጥ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ያረጋጋል፣ ግማሽ ሰዓት ከዚያም ትንሽ አለፍ ብሎ ያቆያል፤ ጥርስ ለመንቀል ከበቂ በላይ ነው። ከሁሉ የሚገርመው ሰውየው ሲጠሩት እየመለሰ፣ አፍህን ክፈት ሲሉት እየከፈተ፣ በኋላ ግን የሆነውን አለማስታወሱ ነው። ለፈሪ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመት የሚተርፍ ክፉ ትዝታ አይኖረውም። ለልጆች በጣፋጭ ፈሳሽ ተቀላቅሎ በአፍ ሊሰጥ ይችላል። (አንዳንድ ልጅ በተቃራኒው ይረበሽበታል፤ ይህም መታወቅ አለበት።) ከተፈለገ ሥራውን የሚያፈርስ ፍሉማዜኒል የሚባል መድኃኒት አለው። አደጋው አንድ ነው፤ በዛ ያለ መጠን፣ ወይም በሽማግሌና በደካማ ሰው ላይ ትንሹም መጠን፣ ትንፋሽን ያዘገያል። ስለዚህ የሚሰጠው ሰው ዓይኑን ከበሽተኛው ደረት፣ ጣቱን ከኦክስጅኑ ማንሣት የለበትም።

ኬታሚንም አለ። የገጠር ሐኪም ወዳጅ ነው። ከቬትናም ጦርነት ጀምሮ መብራትና መሣሪያ በሌለበት ሜዳ የተሠራበት ትንፋሽን ብዙም ስለማያውክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ቻይና በዓለም አቀፍ የቁጥጥር ዝርዝር እንዲገባ ስትጠይቅ የዓለም ጤና ድርጅት የተቃወመው እንደኛ ያሉ አገሮች ቀዶ ሕክምና እንዳይቆምባቸው ነበር። ለጥርስ ግን ሁለት ጣጣ አለው፤ ምራቅ ያበዛል፣ ሲነቁም ቅዠት ያመጣል። አፍ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ምራቅ ጠላት ነው። ለማይያዝ ልጅ በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ይሁን፤ ለአዋቂ ግን ሚዳዞላሙ ይቅደም።

ሚዳዞላም፣ ኬታሚንና ሊዶኬይን ሦስቱም የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። የቦሌ ቅንጦት አይደሉም ማለት ነው።

የወረዳ ሆስፒታሉን አሠራር እንመልከት። በአገራችን የጤና መዋቅር የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ነው የታሰበው። ከጤና ጣቢያ የሚለየው ትልቁ ነገር እናትን በቀዶ ሕክምና ማዋለድ መቻሉ ነው። ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 በነበረው የቀዶ ሕክምና ዕቅዱም ይህንኑ ለማጠናከር ብዙ ተናግሯል። እናት በቀዶ ሕክምና እንድትወልድ ምን ያስፈልጋል? የሰመመን ባለሙያ። ኦክስጅን። ጣት ላይ ተሰክቶ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚያነብ መሣሪያ። ማረጋጊያና ኬታሚን። ትንፋሽ ቢቆም የሚነፋበት ፊኛና ጭንብል። ለጥርስ በሽተኛ ማረጋጊያ ለመስጠት ምን ያስፈልጋል? እነዚያው! የጥርስ ክፍሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። በመካከላቸው ያለው አንድ ኮሪደር፣ አንድ ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ወዲህ በሽተኛ ተይዞ ይጮኻል፤ ከግድግዳው ወዲያ እሱን ማረጋጋት የተማረ ሰው ተቀምጧል።

የጎደለው ማሽን አይደለም። የጎደለው በሳምንት ግማሽ ቀን የሚሰጥ መርሐ ግብርና «የጥርስ በሽተኛም በሽተኛ ነው» የሚል የሥራ አስኪያጅ ፊርማ ነው።

ይህን ስል የሰመመን ባለሙያዎች ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ የማውቃቸውም ብለውኛል። «እኛ ለቀዶ ጥገናው መች በቃን? ሌሊት ወላጅ፣ ቀን አደጋ። ደሞዙን ታውቀዋለህ።» እውነት ነው፤ ይህን ጥያቄ በስድብ የሚመልስ ሰው ወረዳ ላይ ኖሮ አያውቅም። ግን ሁሉም የጥርስ በሽተኛ ይምጣላችሁ አላልኩም። ጥሩ ማደንዘዣና ጥሩ ቃል አብዛኛውን ይጨርሱታል፤ የሚቀሩት በጣም የሚፈሩት፣ ትንንሽ ልጆችና የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ናቸው። እነዚህ ተመዝግበው በአንድ ቀን ይሰብሰቡ። ወላጅ ድንገት ከመጣች እሷ ትቅደም፤ ጥርሱ ለሳምንት ይቀጠር። ደግሞም ባለሙያው ዕቃውን ተሸክሞ ጥርስ ክፍል አይሂድ፤ ጉጠት በኪስ ይያዛል፣ ኦክስጅን ግን አይያዝም። ጥርስ ነቃዩ ባለሙያ ጉጠቱን ይዞ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ይሂድ። ለረጅም ጊዜው ደግሞ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አለ። በታላቁ የቀዶ ጥገና ሐኪም በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም በሚጠራው የጤና ሳይንስ ካምፓሱ የሰመመን ባለሙያዎች ይሠለጥናሉ። ለተግባር ልምምድ ወደ ወረዳ ሲወጡ የጥርስ ማረጋጊያን ከልምምዳቸው አንዱ ማድረግ ተጨማሪ በጀት የሚፈልግ ነገር አይመስለኝም።

ተቃራኒውን ጥግ ደግሞ እፈራለሁ። ይህ ጽሑፍ ተነብቦ አንዱ የግል ክሊኒክ «ያለ ፍርሃት እንነቅላለን» ብሎ ማስታወቂያ ቢለጥፍ፣ አንድ ሰው ብቻውን መርፌውን እየሰጠ፣ ብቻውን እየነቀለ፣ ትንፋሹን ማንም ሳያይ ቢሠራ፣ ከድሮው ነቃይ ይብሳል። ሀብታሞቹ አገሮች ይህን በሕይወት ከፍለው ነው የተማሩት። እንግሊዝ በጥርስ ሐኪም ቤት ሙሉ ሰመመን ሲሰጥ ኖሮ ሰው ሲሞት ሲሞት፣ ከእ.ኤ.አ. 2001 ማብቂያ ጀምሮ ከሆስፒታል ውጭ እንዳይሰጥ ከለከለች። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ጥርሱ ሊነቀልለት ተኝቶ አልነቃም፤ የሚነቅለው ሐኪምና ሰመመኑን የሚመራው አንድ ሰው ነበር። በማግስቱ ዓመት ወላጆች በጽሑፍ እንዲነገራቸው የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ልብ በሉ፤ እንግሊዞቹ በሕግ አስገድደው ወደ ሆስፒታል የመለሱትን ሥራ እኛ ከመጀመሪያው ሆስፒታል ውስጥ ነው ያለን። ቦታው ትክክል ነው፤ በሩ ነው ያልተከፈተው።

ሌላም እኛ የምንቀድምበት ነገር አለ። ማረጋጊያ የወሰደ ሰው ብቻውን ወደ ቤቱ መሄድ የለበትም፤ የሚሸኘውና አብሮት የሚያድር ሰው ያስፈልገዋል። ብቻውን የሚኖር ሰው በበዛበት በውጭ አገር ይህች ቅድመ ሁኔታ ብዙ ጊዜ ቀጠሮ ታሰርዛለች። ጅሩ ውስጥ ግን ብቻውን ሆስፒታል የሚሄድ ማን አለ? አንድ ሰው ሲታመም ሦስት አስታማሚ ይከተለዋል፤ እንዲያውም ችግሩ እነሱን ከክፍሉ ማስወጣት ነው። አለመብላቱም እንዲሁ። ከማረጋጊያው በፊት ከምግብ 6 ሰዓት፣ ከውሃ 2 ሰዓት መራቅ ይታዘዛል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ለለመደ ሰው ይህ ትእዛዝ አዲስ አይሆንበትም። የስኳር ሕመምተኛ ብቻ አስቀድሞ ይናገር።

ስለ ልጆቹ ሳልናገር ግን አላልፍም። አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ ገብታ «እናት፣ እግሩን ጥብቅ አድርገሽ ያዢ» ስትባል በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ያዘች። ልጁ ሲጮኽ እሷም አብራ አለቀሰች። ባለሙያው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያለው ያ ብቻ ስለነበር ነው። ጥርሱ በደቂቃ ወጣ። ልጁ ግን ሲወጣ እናቱን ሊነካት አልፈለገም፤ በሩ ላይ የነበረውን የጥበቃ ሠራተኛ እጅ ይዞ ነበር የወጣው። የልጅ ጥርስ ሕይወቱን ካላሰጋው ለሳምንት መቆየት ይችላል፤ የሰመመን ባለሙያው ቀን እስኪደርስ የሕመም ማስታገሻ እየተሰጠው፣ ካበጠም መግሉ እየታከመ። ያን ያህል ዕቅድ ማውጣት አቅቶን ነው እናትን ያዥ ያደረግናት።

በግል ክሊኒክ ማረጋጊያ ሊሰጣችሁ የምትሄዱ ደግሞ፣ ደብረ ብርሃንም ይሁን አዲስ አበባ፣ ከመተኛታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ መድኃኒቱ ምንድን ነው? እየተነቀለልኝ ሳለ ትንፋሼን የሚያየው ማን ነው፤ ሥራውስ ይህ ብቻ ነው? ኦክስጅኑን አሳዩኝ። ቆጣሪው ጣቴ ላይ ይሰካልኝ። የምትወስዱትን ሌላ መድኃኒት፣ የጠጣችሁትን፣ እርግዝና ካለም ተናገሩ። የሚጠየቀው ሐኪም ካኮረፈ ያኩርፍ።

እኔ በበኩሌ የማፈላልገው አንድ ነገር አለ። የሰመመን ባለሙያው ለጥርስ በሽተኛ ቀን የመደበበት የወረዳ ሆስፒታል የምታውቁ ካላችሁ፣ ሰሜን ሸዋም ይሁን ጎጃም፣ ወሎም ይሁን አርሲ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። በየትኛው ቀን እንደሚሠሩ፣ ማን ፈርሞ እንዳስጀመረው፣ ወላጅ ስትመጣ ተራውን እንዴት እንደሚያሸጋሽጉ ንገሩኝ። ሙሉውን አሠራር እዚሁ አወጣዋለሁ፤ አትሜም ለከተማችን ሆስፒታል በእጄ አደርሰዋለሁ።